የአባዬ ፊልም በአዴ ፋጡማ ቤት

እናንተዬ፣ ገናን ብቻውን የዋለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ መጥቼ አጠገቡ ልቀመጥ። እኔ ዘንድሮ ብቻዬን እውላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ማልቀሻ ሶፍት ሁሉ ገዝቻለሁ። በሬን ዘግቼ፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ፣ በሥርዓቱ ላለቅስ። ሰው እንዳሰበው እንኳ አልቅሶ የማይውልበት አገር መጥቼ ኖሯል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። አገሬ ደብረ ብርሃን ነው፤ የተመደብኩት ጭሮ። ፈተና የሚጀመረው በገና ማግስት ነው ተባለ፤ ፈታኝ ነሽ ተባልኩ። ከጭሮ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፤ አስቡት እስቲ፣ ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ዞሬ መሳፈር ነው። ርእሰ መምህሩን ለመንኳቸው። «ቲቸር፣ ገና በየዓመቱ ይመጣል» አሉኝ። ፈተናውስ በየዓመቱ አይመጣም እንዴ? ይህን ያልኩት ግን ቢሮውን ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ ነው። ድሮም አፌ የሚፈታው ደጅ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ ልግባ። እኛ ቤት ገና ማለት ፊልም ነው። ዶሮው አለ፣ ድፎው አለ፣ ቄጤማው አለ፤ ነገር ግን ምሳ ተበልቶ፣ እማዬ እጇን ታጥባ መጥታ ሶፋው ላይ ዘፍ ካላለችና ያ ፊልም ካልተከፈተ በዓሉ አልገባም። የፈረንጅ የገና ፊልም ነው፤ አሮጌ፣ የቤተሰብ፣ አስቂኝ የሚባለው ዓይነት። አንድ ወፍራም አባወራ ለበዓል የሚታረድ ዝይ ከነነፍሱ ገዝቶ ይመጣል። ልጆቹ ይለምዱታል። ሰውዬው ቢላውን ይዞ አንድ ሙሉ ቀን ሲንጎራደድ ይውልና ማረድ ያቅተዋል። ዝዩ ያመልጣል። ሰፈሩ በሙሉ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ሲያባርረው ይውላል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ቤት ተሰብስበው ድንች ይበላሉ። አለቀ።

ይህን እንኳ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቋንቋውን ከተማርኩ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የማውቀው የአባዬን ፊልም ነበር። አባዬ ጎሚስታ ነው። እንግሊዝኛ የተማረው ጎማ ላይ ከተጻፈው ነው እያልን እንቀልድበታለን። ፊልሙ ሲከፈት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንስና፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ልክ እንደ ትርጉም ፊልም ተራኪዎች ሁሉንም ሰው በየድምፁ እየቀያየረ ይተረጉማል። ወፍራሙ ሰውዬ «ሻምበል» ነው፤ ጎረቤታችንን ሻምበልን በሆድ ስለሚመስላቸው። ዝዩ ዝይ አይደለም፤ «ዶሮ ነው፤ አንገቱን ያስረዘመው ብርዱ ነው» ይለናል። ሚስትየዋ አፏን በከፈተች ቁጥር ስለ ቅቤ መወደድ ታማርራለች። ኮፍያ ያደረጉት ሽማግሌ የዕድር ዳኛ ናቸው፤ ቀብር የቀረ ሰው እየፈለጉ ነው። እውነተኛው ሻምበል አብረውን ተቀምጠው «ኧረ እኔ እንዲህ አልልም!» ይላሉ። አባዬ «ዝም በል፣ ፊልሙ ነው ያለው» ይላቸዋል። እማዬ በሳቅ የወረደ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። በየዓመቱ ያንኑ፤ በየዓመቱ ደግሞ እንደ አዲስ እንስቃለን።

ኅዳር ላይ አባዬ ጎማ እየፈታ ሥራ ቦታው ላይ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ተመስገን፣ እግሩ ተመለሰ፤ እጁም እየተመለሰ ነው። አፉ ግን እምቢ አለ። ሰፈር ሲያስቅ የኖረ ሰው «እ» ብቻ ቀረው። ሐኪሙ «አናግሩት፣ አትተዉት፣ ሊመለስ ይችላል» ብሏል። እሱ ግን ከሁላችንም ጋር እንደተኳረፈ ሰው ነው፤ አይስቅም፣ አይቆጣም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ስደውል እማዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ታደርግለታለች። የምሰማው ትንፋሹን ነው። እኔም ጭሮ ላይ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ ትንፋሽ ሳዳምጥ አመሻለሁ። የሰው ድምፅ እንዲህ እንደሚርብ አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው፣ ሆዴ ድረስ ይሰማኛል።

ገና ሲቃረብ እማዬ ደወለች።

«ፊልሙን ልንከፍትለት ነው» አለችኝ።

«ማን ይተርጉምለት?»

«አንቺ ነሻ! በስልክ። ላውድ ላይ አድርጌ ራስጌው አስቀምጥሻለሁ። እንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለሽ?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ እንደሱ አልችልም።»

«ማን እንደሱ አለሽ? አንዴ ይሳቅልኝ። አንዴ ብቻ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም» አለችና ድምፅዋ ሊሰበር ሲል ቶሎ ስልኩን ዘጋችው። እሺ ሳልል እሺ አልኩ ማለት ነው።

ከዚያ ችግሬ አንድ በአንድ ወረደ። የምደውልበት ስልክና ፊልም የማይበት ስልክ አንድ ነው። ቴሌቪዥን የለኝም። ክፍሌ ውስጥ ያለነው አልጋ፣ ባልዲና እኔ ነን። ቴሌቪዥን ያላቸው አከራዬ አዴ ፋጡማ ናቸው፤ ያውም ግድግዳ የሚያህል። አዴ ፋጡማ የጫት ነጋዴ ናቸው። ወንድማቸው አብደላ ከበደሳ ያመጣል፣ እሳቸው ይሸጣሉ። ሳሎናቸው ዙሪያውን ፍራሽና ትራስ ነው። ችግሩ ምንድን ነው፣ እኛ ቤት ፊልሙ የሚከፈትበት ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ እዚህ የበርጫ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እዚያ ሳሎን ውስጥ የጭሮ ነጋዴ ግማሹ እግሩን ዘርግቶ ይቅማል። እየፈራሁ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ እንዲህ ነው የሚሉኝ። «ለአባትሽ ነው አይደል? በያ ነይ። ሰዎቹ ምን ይሆናሉ፣ አፋቸው ሥራ ላይ ነው፤ ዓይናቸውን ለአንቺ ይሰጡሻል።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁና፣ የሰው ልጅ ደስ ሲለው የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ። ዶሮ ገዛሁ።

ገበያ ውስጥ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አየሁና ልቤ ደብረ ብርሃን ሄደ፤ እግሩን ይዤ መጣሁ። ማን ያርደዋል የሚለው ትዝ ያለኝ ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው። እኛ ቤት አባዬ ነው የሚያርደው። ሴት አታርድም። እዚህ ግቢ ያለው ወንድ ደግሞ በሙሉ ሙስሊም ነው። አብደላ ቢስሚላህ ብሎ ቢያርደው እኔ አልበላውም፤ እኔ ያሳረድኩትን እነሱ አይበሉም። ያለኝ ተስፋ ባልደረባዬ ታደለ ነበር። ለገና አሰቦት ገዳም ሊሳለም ሲሄድ «በበዓሉ ጠዋት እደርሳለሁ፣ እኔ ነኝ የማርድልሽ» ብሎ ምሎልኛል። ቅዳሴ ላይ ወንድ ሞልቶ ነበር፤ አንዱን እንኳ አልለመንኩም፣ ታደለን አምኜ። ጠዋት ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ረፋድ ላይ ዝግ ነው። እንግዲህ ገዳም ነው፣ ምን እላለሁ።

ዶሮውን ብብቴ ሥር አድርጌ ጭሮን መዞር ጀመርኩ። በበዓል ቀን የሰው ቤት አንኳኩቼ «ዶሮ እረዱልኝ» ማለት አፈርኩ፤ መንገድ ላይ ግን ዓይኔን በጨው ታጠብኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አስቁሜ «ወንድሜ፣ ክርስቲያን ነህ?» ስለው ፊቴንም ዶሮውንም አየና ነድቶ ጠፋ። አንገቱ ላይ ማተብ ያየሁበትን አንድ ጎልማሳ ደግሞ ተከተልኩት። ፈጠንኩ፣ ፈጠነ። ሮጥኩ፣ ታክሲ ውስጥ ገባ። ምን መስዬው ይሆን? ዶሮ የታቀፈች ሴት ስትከተለው ማን ይቆማል? እኔም ብሆን አልቆምም።

ስመለስ አዴ ፋጡማ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «እኛ ብናርደው ላንቺ አይሆን፣ አንቺ ብታርጂው ላንቺም አይሆን። ዋላሂ ይሄ ዶሮ ዕድለኛ ነው» አሉና ወደ ውስጥ ጎተቱኝ። ገንፎ አገንፍተው፣ መሐሉን በቅቤና በማር ሞልተው ጠበቁኝ። ያን ሁሉ ጾም ጾሜ ያስፈሰኩኝ አዴ ፋጡማ ናቸው። ስበላ አጠገቤ ቁጭ ብለው «አባትሽ ይድናል፤ ብዪ» ይሉኛል። መጉረስና ማልቀስ አብሮ እንደማይሄድ ያን ቀን አወቅሁ፤ ትን አለኝ።

ዶሮውን ግቢ ልተወው አልቻልኩም፤ የጎረቤት ድመት ደፋር ናት። ሲባጎ ብፈልግ አጣሁ። ያገኘሁት የስልኬን የቻርጀር ገመድ ነው። በእሱ አንድ እግሩን ጥፍር አድርጌ ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ እግር ጋር አሰርኩት። ዶሮውም እዚያው ጋደም ብሎ እንደ እንግዳ ሰውን ያያል። የተማረ ሰው መፍትሔ አያጣም ብዬ በራሴ ኮራሁ።

ሰዓቱ ደረሰ። ሳሎኑ ሞላ። ነጋዴዎቹ ጫታቸውን ይዘው፣ ትራሳቸውን አስተካክለው፣ ሆጃ የሚሉትን ትኩስ መጠጣቸውን በፔርሙስ አስቀርበው ተደላደሉ። ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ ሰካሁ። ስልኬን ላውድ ላይ አደረግሁ።

«እማዬ፣ ተዘጋጅታችኋል?»

«አባትሽን ሶፋው ላይ አስቀምጠነዋል። ጋቢውን ለብሷል። ሻምበልም መጥተዋል።»

«እኩል እንጫን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ተጫንን። እዚያና እዚህ አንድ ፊልም ተከፈተ። በረዶ የለበሰው ከተማ ሲመጣ አብደላ ከተጋደመበት ቀና አለ።

«አቦ! ይሄ ምንድነው ቲቸር? ውርጭ ነው?»

«በረዶ ነው።»

«ያ ረቢ! ጫቱ በሙሉ አለቀላ!»

ሳሎኑ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ዓምና ማሳውን ውርጭ የመታበት አንድ ሰውዬ ከጥግ «አላህ ይካሳቸው» አለ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና በውርጭ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኛ የምናዝነው ለእግራችን ብቻ ነው።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። እኔ የተማርኩ ነኝ፤ በትክክል ነው የምተረጉመው አልኩ። «ባል፣ ውዴ ሆይ፣ ዘንድሮ የበዓሉን እራት እኔ ራሴ አዘጋጃለሁ ይላል። ሚስት፣ እጅግ ደስ ይለኛል ትላለች።» እያልኩ ቀጠልኩ። አንድም ቃል አላጎደልኩም። ከስልኩ ግን ዝም። ስስቅ ዝም፣ ድምፅ ስቀይር ዝም። ትንሽ ቆይታ እማዬ ወደ ስልኩ ተጠግታ ሹክ አለችኝ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ዜና ነው እንዴ የምታነቢው? ፊቱን አዞረብን እኮ! የአባትሽን ፊልም አውሪልን!»

ከኋላዋ ሻምበል «እኔ የታለሁ? እስካሁን አልመጣሁም እኮ» ሲሉ ሰማሁ። በሆነ ባልሆነው ሲሰደቡ የኖሩ ሰውዬ፣ ስድባቸው ናፍቋቸው መጥተዋል።

እሺ አልኩና ወደ አባዬ ፊልም ገባሁ። «ሻምበል ከገበያ መጡ። ይቺ ዶሮ አንገቷ ምን ሆነ ሲሏቸው፣ ብርድ ነው ይላሉ። ሚስታቸው፣ ቅቤው እንዲህ ተወዶ ምኑን አቁላላዋለሁ ትላለች።» አብደላ ግራ ገባው።

«ቲቸር፣ ቅድም ውዴ ሆይ ሲላት አልነበረም? አሁን ቅቤ ከየት መጣ?»

«ዝም በል፣ ፊልሙ ነው ያለው!» አልኩት።

ካልኩት በኋላ ነው የገባኝ። የአባዬ አነጋገር ከእኔ አፍ ወጣ። ቃሉ የእሱ ነው፣ ድምፁ ግን የእኔ ነው፤ እሱም ሰምቶታል። በስልኩ ውስጥ እስትንፋሱን ለየሁት። አልሳቀም። አዴ ፋጡማ በበኩላቸው ዘግይተው ለገቡት እንግዶች በኦሮምኛ ይተርኩላቸዋል። የእሳቸውን ስሰማ ሦስተኛ ፊልም ሆኗል፤ ሻምበል ጫት ነጋዴ ሆነው ዶሮዋን ለጅቡቲ ሊሸጧት ነው። ሳሎኑ በእሳቸው ፊልም ይንከተከታል። እኔ በያዝኩት ስልክ ውስጥ ግን ያ እስትንፋስ ብቻ ነው።

ፊልሙ እየሄደ ነው። እዚህ ጋ አባዬ ሁልጊዜ ይቆምና ውኃ ይጠጣል። እዚህ ጋ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ያደርግና «አሁን እይው፣ አሁን ነው የሚወድቀው» ይለኛል፤ ሰውዬው እንደሚወድቅ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ባውቅም። እጁ የሌለበት ጭንቅላቴ ቀለለኝ። ከዚያ ሶፋ ላይ፣ ከዚያ ጋቢ ጫፍ፣ ከእማዬ ክርን አጠገብ መቀመጥ አማረኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ድምፄ አለ፣ እኔ የለሁም። አወራለሁ፣ ግን ልቤ እያለቀሰ ነው የማወራው፤ ሰው ደግሞ እያለቀሰ ማሳቅ አይችልም።

«እማዬ፣ ሳቀ?»

«አልሳቀም። ቀጥዪ ብቻ። ማሳደዱ እየመጣ ነው፤ እሱ ጋ ሁልጊዜ ይስቃል።»

እውነቷን ነው። ተስፋችን ማሳደዱ ላይ ነው። በረቱ ተከፈተ፣ ዝዩ አንገቱን አወጣ፣ ዙሪያውን አየ፤ ልክ እግሩን ሲያነሳ መብራት ሄደ።

ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ። ሳሎኑ «ኡፍ!» አለ። እዚያ ግን መብራት አልሄደም። ደብረ ብርሃን ዝዩ በረዶ ላይ እየሮጠ ነው፤ አባዬ እየጠበቀኝ ነው፤ እኔ ጭሮ ላይ ጥቁር መስታወት ላይ አፍጥጫለሁ። «ሻምበል ሮጡ… ዶሮዋም ሮጠች… እእ… አሁንም ሻምበል ሮጡ» አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ያየሁት ፊልም ከጭንቅላቴ ውስጥ ብን ብሎ ጠፋ። በዚህ ላይ ስልኬ ጢጥ አለ። አብደላ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ቲቸር፣ ባትሪሽ ቀይ ሆኗል። ፓወር ባንክ አለኝ እኮ። ቻርጀርሽ የታለ?»

አፌ ሥራ ላይ ነው። በጣቴ ወደ ጠረጴዛው እግር ጠቆምኩት። አብደላ ደግ ሰው ነው፤ ነገር አያበዛም። ተንበርክኮ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ ጭምር ታግሎ ፈታው። ገመዱን ይዞ ብድግ ሲል ዶሮውም ብድግ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ዶሮው መጀመሪያ የበደሳውን ጫት ረግጦ አለፈ። ውርጭ የመታው ሰውዬ ራስ ላይ ወጣ። ሰውዬው «ቢስሚላህ!» ብሎ ሲነሳ ሆጃው ተደፋ። አንዱ በትራስ መታው፤ ትራሱ ዶሮውን ስቶ አብደላን አገኘ። በሩን ዝጉ ሲባል መስኮቱን ዘጉ። አዴ ፋጡማ በሻሻቸው ሊይዙት ወጥመድ ዘርግተው ጎረቤታቸውን ያዙ። እኔ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ በሌላው ዶሮ አሳድዳለሁ፤ አፌ ግን አላቆመም። ሌላ የማወራው የለኝም፤ የማየውን አወራሁ።

«ሻምበል ፍራሽ ላይ ወጡ! ዶሮው በእግራቸው መሐል ሾለከ! ሻምበል ትራስ በላያቸው ላይ አረፈ! ወደ መጋረጃው ሄደ፣ መጋረጃው ወደቀ፣ ሻምበል መጋረጃው ውስጥ ናቸው! ወይኔ ጉዴ፣ ወደ እኔ መጣ፣ ወደ እኔ መጣ አባዬ!»

«ያዢው!»

ሁላችንም ቆምን። ዶሮው ራሱ የቆመ መሰለኝ። ድምፁ የወጣው ከስልኩ ነው። ወፍራም፣ የሻከረ፣ ለብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር የሚመስል ድምፅ። እማዬ አይደለችም። ሻምበልም አይደሉም።

«ያዢው!» አለ እንደገና። ከዚያ አንድ ነገር ተከተለ፤ መጀመሪያ ሳል መሰለኝ፤ ከዚያ ለየሁት። እየሳቀ ነው። አባዬ እየሳቀ ነው። ያ ትከሻውን እያነቃነቀ፣ ትንፋሽ እያጠረው የሚስቀው ሳቅ።

እማዬ በዚያ በኩል እልልታዋን ለቀቀችው። «ተናገረ! ሰማሽ ልጄ? ተናገረ እኮ! እሰይ የኔ ጌታ!» ሻምበል «ፊልሙ ላይ ይሄ የለም፤ ከየት አመጣችው?» እያሉ ይጮኻሉ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ያዢው።»

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ያዢው።»

«አባዬ፣ ናፈቅከኝ። በጣም ነው የናፈቅከኝ።»

ትንሽ ዝም አለ። ፈልጎ ፈልጎ ያጣ ሰው ዝምታ ነበር።

«ያ… ዢው» አለኝ።

ያለችው ቃል ያቺ ብቻ ናት፤ ደጋግሞ እሷኑ ሰጠኝ። እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። አዴ ፋጡማ ከሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ውርጭ የመታው ሰውዬ ሆጃ የፈሰሰበትን ጀለቢያውን ረስቶ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። በዚህ መሐል ከመጋረጃው ሥር አብደላ ወጣ፤ ፊቱ አቧራ፣ ፀጉሩ ላባ፣ ብብቱ ሥር ዶሮ።

«ተያዘ ቲቸር» አለኝ በሹክሹክታ፣ ኩራት ፊቱ ላይ ሞልቶ። አምጥቶ አስታቀፈኝ። ዶሮው ልቡ ድው ድው ይላል፤ የእኔም እንደዚያው።

«ተያዘ አባዬ» ልል አፌን ከፈትኩ።

ከስልኩ ውስጥ ያ እስትንፋስ ይሰማኛል። ግን የቀድሞው እስትንፋስ አይደለም። ፊቱን አላዞረም። ወደ እኔ ነው የሚተነፍሰው፤ እየጠበቀ ነው፣ ምን ሆነ ብሎ። ተያዘ ካልኩት ፊልሙ አለቀ ማለት ነው። ካለቀ ደግሞ ምን ሊል ይችላል? ተመልሶ ዝም ይላል። ወደ ግድግዳው ይዞራል። እኔም ተመልሼ ባልዲዬ ጋ ነኝ።

«አመለጠ!» ብዬ ጮኽኩ። «አመለጠ አባዬ! በበሩ ወጣ!»

አብደላ ዶሮውን አየ፣ እኔን አየ። «ቲቸር፣ ይኸው እኮ እጅሽ ላይ…» ሊል ሲል አዴ ፋጡማ በክርናቸው ጎኑን ደቆሱት። ነገሩ ገብቷቸዋል። ወደ ሳሎኑ ዞረው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ዶሮ አምልጦ ቁጭ ይባላል እንዴ? ተነሱ! ጩኹ! ሩጡ!»

ያ ሁሉ የጭሮ ነጋዴ፣ ከቃመ በኋላ ከፍራሹ ለማንሳት ሽማግሌ የሚላክበት ሁሉ፣ ተነሣ። ግማሹ ወለሉን በእግሩ ደበደበ፤ ግማሹ «ያዘው! በዚያ ሄደ! አቦ በዚህ ነው!» እያለ ግድግዳ ለግድግዳ ሮጠ። ውርጭ የመታው ሰውዬ ጀለቢያውን ሰብስቦ በባዶ ቦታ ላይ ዘለለ። አብደላ ጉሮሮው እስኪነቃ «ኩኩሉ!» አለ። ዶሮው ብብቴ ሥር ሆኖ በዝምታ ያየናል።

«ያዢው!» ይላል አባዬ፤ ሳቁና ቃሉ ተደባልቀው። «ያዢው! ያዢው… ል… ልጄ!»

የእማዬ እልልታ መሐል ላይ ተቋረጠ። «ምን አለ?» አለች።

ዶሮውን ይበልጥ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት፤ ስልኩን ወደ አፌ።

«ልይዘው አልቻልኩም አባዬ» አልኩት፣ «አሁንም እየሮጠ ነው፤ በየት በኩል ልሂድ?»